ባልታቀዱ ጣቢያዎች ምንጭን ማግኘት፦ አንቷን ዳባዲ እና የኢትዮጵያ ልኬቱ

የቆቦ ሜዳ በሁለት ግድግዳዎች መካከል የተዘረጋ ነው። በምዕራብ ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣው ገደላማ አፋፍ፣ በምሥራቅ ደግሞ ሜዳውን ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚለየው የዞብል ተራራ ይገኛሉ። በመካከል ያለው ማሽላና ጤፍ አብቃይ መሬት እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ባወረዱት ደለል የተሞላ ሲሆን፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት በአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ ከተደረደሩት ስምጦች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። በዚህ ሜዳ የመሬት ንዝረትን ወይም ከደጋ የሚወርድ ድንገተኛ ጎርፍን ድምፅ የሚያዳምጡ አነስተኛ ሴንሰሮችን ለመዘርጋት የሚነሣ ተመራማሪ በመጀመሪያ በካርታ ላይ እኩል ርቀት ያላቸውን ነጥቦች ያሰፍራል። ሜዳው ግን ይህን ሥርዓት አይቀበልም። አንዱ ነጥብ በጎርፍ መውረጃ አሸዋ ላይ፣ ሌላው በተዘራ ማሳ መካከል፣ ሦስተኛው ጠባቂም መንገድም በሌለበት ቁጥቋጦ ውስጥ ይወድቃል። በመጨረሻ መሣሪያዎቹ የሚቆሙት በተቻለበት ቦታ ነው። ስለዚህ የንድፉ ጥያቄ መሣሪያውን የት እናቁም የሚል መሆኑ ይቀርና፣ መሣሪያዎቹ በወደቁበት ወድቀው ስለ ምልክቱ ምንጭ ምን ያህል ማወቅ ይቻላል ወደሚል ይለወጣል።

ይህ ጥያቄ ከሬዲዮና ከጥቃቅን ኤሌክትሮኒክስ ጋር የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ምድር ከ180 ዓመታት በፊት አንድ ሰው ቴዎዶላይት፣ ሰዓትና የውኃ መፍያ ቴርሞሜትር ብቻ ይዞ ለዓመታት ታግሎበታል። አንቷን ዳባዲ በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው በሰበሰባቸው የግዕዝ የብራና መጻሕፍትና ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። የልኬት ሥራው በአብዛኛው የሚጠቀሰው በካርታ ታሪክ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ይህ አያያዝ ተገቢ አይመስልም፤ ምክንያቱም በሰውየው ሕይወት ውስጥ እጅግ አዲስ የነበረው ነገር የሚገኘው እዚያው ልኬቱ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ የተወለደው ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ነው። አባቱ የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናቱ አይሪሽ ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተዛወረ፤ በዚያም ተማረ። ወጣቱ ስለ አፍሪካ ውስጣዊ ምድር የሚያትቱ ጽሑፎችን እያነበበ፣ ለጉዞ የሚያስፈልገውን ሥነ ፈለክ፣ ሥነ ልኬትና ቋንቋ ለዓመታት አጠና። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የማግኔት መርፌን ዕለታዊ ለውጥ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። የዚህ ሥራ ደጋፊ የነበረው ዝነኛው የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍራንሷ አራጎ ነው። አራጎ በ1822 በቪልጁፍና በሞንሌሪ ኮረብቶች መካከል በሌሊት መድፍ እየተተኮሰ የድምፅን ፍጥነት ከለኩት ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ16 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሰኮንድ 341 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። ብልጭታውን በዓይን፣ ድምፁን በጆሮ፣ ልዩነቱን በሰዓት መያዝ የሚለው ይህ አሠራር ዛሬ ድምፅን የሚያዳምጥ ማናቸውም የሴንሰር መረብ የሚሠራበት መርሕ የቅርብ ዘመድ ነው። ዳባዲም በኋላ በኢትዮጵያ ስለሚሰማው ነጎድጓድ ራሱን የቻለ ጥናት ጽፏል።

በ1838 መጀመሪያ አንቷንና ታናሽ ወንድሙ አርኖ ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁዜፔ ሳፔቶ ጋር ምጽዋ ደረሱ። ከዚያም በዐድዋ በኩል አድርገው ጎንደር ገቡ። አንቷን አገሩን ካየ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች ለሥራው እንደማይበቁ ስለተረዳ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ የተሻሉ ይዞ በ1840 እንደገና መጣ። ወዲያውም ዓይኑ ክፉኛ ታመመበት፤ ብዙ ወራትም ባከኑ። ለልኬት ለተነሣ ሰው ከዚህ የከፋ አጀማመር አይገኝም። ሆኖም እስከ 1848 መጨረሻ ድረስ በደጋው ምድር ሲዘዋወር ቆየ።

ዘመኑ የመሳፍንት ነበር። ራስ አሊ በደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በስሜንና በትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ በጎጃም፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ ነበሩ። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር የገዢ ፈቃድ፣ የነጋዴ ቅፍለት፣ የኬላ ክፍያና የዘመቻ አለመኖር ያስፈልግ ነበር። አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ የጦር ሕይወት ውስጥ ሲገባ፣ አንቷን ግን ከነጋዴዎችና ከደብተሮች ጋር እየተጓዘ መለካቱን ቀጠለ። በአውሮፓ ሥርዓት መሠረት አንድ አገር ሲለካ በመጀመሪያ ጠፍጣፋ መሬት ተመርጦ መነሻ መስመር በዘንግ ይለካል። ቀጥሎ ከፍታዎች ተመርጠው ምልክት ይተከልባቸዋል፤ ሦስት ማዕዘኖቹ በተቻለ መጠን እኩል ጎን እንዲኖራቸው ተደርገው ይሰናሰላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ላድርግ ቢል መነሻ መስመሩን ሳይጨርስ በተያዘ ነበር፤ ምልክት መትከልም መሬት መውሰድ ተደርጎ ይታይ ነበርና።

ስለዚህ ዳባዲ ሥርዓቱን ገለበጠው። ጣቢያውን የሚመርጥለት ጉዞው ሆነ። ቅፍለቱ ባደረበት፣ ዝናብ ባቆመው፣ ኬላ ጠባቂ ለሦስት ቀን በያዘው ስፍራ ሁሉ በአቅራቢያው ወዳለ ጉብታ ወጥቶ ቴዎዶላይቱን ያቆምና ከአድማስ እስከ አድማስ ዙሪያውን የሚታዩትን ተራሮች፣ አምባዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አቅጣጫ በተራ ይመዘግባል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ምዝገባ ለብቻው ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚናገረው ያ ተራራ በዚህ አቅጣጫ ይገኛል ብቻ ነው። ያው ተራራ ከሌላ ጣቢያ ደግሞ ሲታይ ግን ሁለቱ መስመሮች ይቆራረጣሉ፤ ከሦስተኛና ከአራተኛ ጣቢያ ሲታይም ስሕተቱ ራሱን መግለጥ ይጀምራል። ዳባዲ ይህን ፈጣን የመሬት ልኬት ብሎ ሰየመው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችም በዚህ መንገድ ቦታቸው ታወቀ።

የቀረው ችግር የርቀት መለኪያ ነው። አቅጣጫዎች ብቻ የመረቡን ቅርፅ እንጂ መጠኑን አይሰጡም፤ በዘመናዊ መረብም ቢሆን አቅጣጫ ብቻ የሚያነቡ ሴንሰሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ካልታወቀ ምንጩ መቶ ሜትር ይራቅ አንድ ኪሎ ሜትር ለይተው ሊናገሩ አይችሉም። ዳባዲ በዘንግ የተለካ መነሻ ስላልነበረው ሰማይን ተጠቀመ። እርስ በርስ በሚተያዩ ሁለት ከፍታዎች ላይ ከከዋክብትና ከፀሐይ ኬክሮስን ይለካል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለውንም አቅጣጫ ይይዛል። የኬክሮሱ ልዩነት ወደ ርቀት ተለውጦ በአቅጣጫው ማዕዘን ኮሳይን ሲካፈል በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይገኛል። ለምሳሌ የኬክሮሱ ልዩነት 30 ደቂቃ፣ መስመሩም ከሰሜን 20 ዲግሪ ያዘነበለ ቢሆን ርቀቱ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

የዚህ ዘዴ ብርታትና ድካም በአንድ ላይ የሚታዩት እዚህ ነው። በኬክሮሱ ልዩነት ላይ የ10 ሰኮንድ ስሕተት ቢኖር በመሬት ላይ 307 ሜትር ያህል ነው። መስመሩ 20 ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ ስሕተቱ 327 ሜትር ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ምሥራቅ 80 ዲግሪ ካጋደለ ግን ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ያብጣል። እንግዲህ መነሻው ረጅም፣ አቅጣጫውም ወደ ሰሜንና ደቡብ የቀረበ መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ የተመቸ ነበር፤ አየሩ ከክረምት በኋላ ሲጠራ ከአንድ አምባ ላይ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ተራራ ሊታይ ይችላልና። የማዕዘን ስሕተት በአንጻሩ ትንሽ ዋጋ ያስከፍላል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ርቀት የአንድ ደቂቃ ስሕተት 17 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ሁለት የዕይታ መስመሮች በጠባብ ማዕዘን ሲገናኙ ይኸው ትንሽ ስሕተት በመስመሩ አቅጣጫ እየተጎተተ ይረዝማል። በአንድ የቅፍለት መንገድ ላይ ተደርድረው የቆሙ ጣቢያዎች በመንገዱ ጎን ያለውን ተራራ በደንብ ይይዛሉ፤ በመንገዱ ጫፍ ፊት ለፊት ያለውን ግን ሊይዙት አይችሉም።

የዛሬው የመረብ ንድፈ ሐሳብ በአብዛኛው ዝም ብሎ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። በዘፈቀደ የተበተነ መረብ ሲባል በመጽሐፍ የሚታሰበው የፑዋሶን ሂደት ነው፤ ማለትም የእያንዳንዱ ሴንሰር ቦታ ከሌላው ነጻ፣ ብዛቱም ከስፋቱ ጋር የተመጣጠነ እንደሆነ ይወሰዳል። ስሙን የሰጠው ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶን ስርጭቱን ያወጣው በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ የሞተውም ዳባዲ አዲስ መሣሪያ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ በተመለሰበት በ1840 ነበር። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ከተማ፣ በአንድ አካዳሚ ዙሪያ ቢያድጉም አልተገናኙም።

ለስሌት ያህል 400 ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ 100 ሴንሰሮች ተበትነዋል፤ እያንዳንዱም በ2 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የተነሣን ድምፅ ይሰማል እንበል። ከጠርዝ ራቅ ያለ ማናቸውም ምንጭ በአማካይ 3.14 ሴንሰሮች ይደርሱታል። ቢያንስ አንዱ የመስማት ዕድሉ 96 በመቶ ነው፤ ይህ ቁጥር ብዙ የፕሮጀክት ሰነዶችን ያስደስታል። ነገር ግን ምንጩ አለ ማለትና ምንጩ እዚህ ነው ማለት የተለያዩ ናቸው። አቅጣጫ የሚለዩ ሴንሰሮች ቢሆኑ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ዕድሉ ወደ 82 በመቶ ይወርዳል። በመድረሻ ጊዜ ልዩነት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ እርሱም 61 በመቶ ብቻ ነው። ከመሣሪያዎቹ 30 በመቶው በአቧራ፣ በባትሪ ወይም በጎርፍ ከጠፉ የሦስቱ ዕድል ወደ 38 በመቶ ይወድቃል። ሙሉ ጤነኛ የሆኑ 200 ሴንሰሮች ቢበተኑ ደግሞ ወደ 95 በመቶ ይወጣል። እነዚህ ቁጥሮች የመስሚያውን ክልል ፍጹም ክብ አድርጎ በመውሰድ የተገኙ ናቸው፤ ለስላሳ ደለልና ጠንካራ ዓለት ጎን ለጎን ባሉበት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሣበት ሜዳ ክቡ ክብ ሆኖ አይቆይም። ከሁሉ በላይ ግን በተግባር ሴንሰሮች በመንገድ፣ በጉድጓድ ውኃ መሳቢያና በመንደር ዙሪያ ይከማቻሉ። ያኔ አማካይ ብዛቱ ሳይቀንስ ባዶ ቦታዎቹ ይሰፋሉ። የዳባዲ ጣቢያዎች በቅፍለት መንገድ ላይ የተከማቹት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ እርሱም ጉድለቱን ያካካሰው ብዛት በመጨመር ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ጣቢያ በጣም ሩቅ ማየት በመቻሉ ነው።

ሌላው ችግሩ ከጂኦሜትሪ ይልቅ የሰው ነበር። ከአንድ ጣቢያ የታየው ተራራ ከሌላው የታየው ያው ተራራ መሆኑን ማን ያረጋግጣል? አንድ ተራራ ከሰሜን ሲታይ ጥርስ፣ ከምዕራብ ሲታይ ጠረጴዛ ሊመስል ይችላል። ስሙም ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ይለወጣል፤ ወይም ደግሞ አንድ ስም ለሦስት ተራሮች ይሰጣል። የመንገድ መሪውም የማያውቀውን ከማለት ይልቅ ጠያቂውን የሚያስደስት ስም መስጠትን ይመርጥ ይሆናል። ሁለት መስመሮች በስሕተት ከተጣመሩ ደግሞ በካርታው ላይ በምድር ያልነበረ ተራራ ይፈጠራል። በሴንሰር መረብም በአንድ ጊዜ ሁለት ምንጮች ሲነሡ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር ማጣመር እንዲሁ የሌለ ምንጭ ይወልዳል። ዳባዲ ለዚህ የነበረው መድኃኒት ቋንቋ ነው። አማርኛን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ግዕዝን አጥንቷል፤ የኦሮሞንና የሌሎችንም ሕዝቦች ቋንቋ ቃላት ሰብስቧል። ስሙን ከተለያዩ ሰዎች ጠይቆ ማመሳከርና አጠራሩን በትክክል መጻፍ ለእርሱ የልኬቱ አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አልነበረም። በ1881 የታተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከመስክ ማስታወሻው ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1843 ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሻግሮ እናርያ ገባ። ንጉሡ አባ ባጊቦ በወዳጅነት ከተቀበሉት በኋላ ወደ ከፋ ከሚሄዱ መልእክተኞቻቸው ጋር ላኩት፤ በዚያ የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። የዚህ ጉዞ ዓላማ የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። የዳባዲ ሕይወት ትልቁ ስሕተትም ከዚህ ይጀምራል። በግቤ ምድር ያገኛቸውን ወንዞች ከለካ በኋላ ወደ ኦሞ የሚወርደው ውኃ ዞሮ ነጭ ዓባይን እንደሚሠራ አመነ። በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ምንጩ ተመልሶ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለበት፤ ዜናውንም ወደ አውሮፓ ላከ። ምንጩ እውነተኛ ነበር፤ ቦታውም በጥንቃቄ የተለካ ነበር። ስሕተቱ ያለው ከመጨረሻው ጣቢያው ባሻገር ነው። ወንዙ ከዕይታው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚታጠፍ የነገረው መሣሪያ አልነበረም፤ የነጋዴዎች ቃልና የራሱ ምኞት ነበሩ። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ በጉዞ የተረጋገጠው በ1896 ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ይህን መላምት ተቃወመ፤ በዚህም ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያ አላቆመም። በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱን ጥርጣሬ ውስጥ ጣለው። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ በመስጠቱ ተቆጥቶ ቀደም ሲል ከማኅበሩ የተቀበለውን ሜዳሊያ መለሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ዳባዲም የምንጩን መላምት ለረጅም ጊዜ አልተወም። በመረብ ውስጥ ላለው ነጥብ ያን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው ከመረቡ ውጭ ላለው እንዲያ ደፋር መሆኑ ያስገርማል። ምናልባት ሁለቱ ጠባያት የአንድ ሰው መሆናቸው ብዙም ላያስደንቅ ይችላል፤ ማንም ለዓመታት ብቻውን በተራራ ላይ የሚቆም ሰው ያለ እንዲህ ዓይነት ግትርነት አይዘልቅምና። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የምንጩ ስሕተት በልኬቱ ላይም ጥላ አጠላበት፤ ብዙዎች ሁለቱን ሳይለዩ ጣሏቸው።

ለመከላከያ የሚበጀው ንግግር ሳይሆን ጥሬ መረጃውን ማሳየት ነበር፤ ያንንም አደረገ። የሒሳቡ ሊቅ ሮዶልፍ ራዶ የተቆለሉትን የመስክ ምዝገባዎች ተቀብሎ አሰላቸው። ሥራውም ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ በክፍል በክፍል የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ በሚል ርእስ ታተመ። በመጽሐፉ የተዘረዘረው የመጨረሻው ውጤት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጣቢያ፣ ከእያንዳንዱ ጣቢያ የታየው ነጥብና የተነበበው ማዕዘን ሁሉ ቀርቧል። ስለዚህ አንባቢው ስሌቱን እንደገና ሊሠራው፣ የማያምነውን መስመር አውጥቶ በቀሩት ሊፈርድ ይችላል። የማዕዘኖች መብዛት ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑም እዚህ ላይ ጠቀመ፤ አንዱ ነጥብ ከብዙ ጣቢያ ሲታይ የተሳሳተው ንባብ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይወጣል።

ከአፋፉ በታች ያለው የራያ ቆላ ከዚህ ሥራ አንጻር ልዩ ጥያቄ ያስነሣል። የዳባዲ ዋና ዋና መንገዶች ከዚያ ይልቅ ወደ ምዕራብ፣ በምጽዋ፣ በዐድዋ፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በግቤ በኩል ያለፉ ናቸው። በደጋ ላይ የሚሠራው የዕይታ ዘዴም በገደል ሥር ያለ ሜዳን የሚይዘው ሁለት ጣቢያዎች ሜዳውን ቁልቁል ሲያዩት ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለ ጣቢያ የአፋፉን ጠርዝ እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ስውር ነው። ከቆቦ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ቆሞ ኬክሮስ የሚለካ ሰው በአንድ ወገኑ ግዙፍ የደጋ ክምችት፣ በሌላው ባዶ አየር አለው። የተራራ ክምችት ቱንቢን ወደ ራሱ እንደሚስብ ፒየር ቡጌ በ1738 በቺምቦራዞ ተራራ አጠገብ ለመለካት ሞክሮ ነበር። ቱንቢው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ቢያዘነብል እንኳ እያንዳንዷ ሰኮንድ በመሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ናት። መነሻውን ከሰማይ ለሚወስድ ዘዴ ይህ ከማዕዘን ንባብ ስሕተት የከበደ ጠላት ነው፤ ጣቢያው ራሱ ያለበትን ቦታ በተሳሳተ ሁኔታ እያወቀ ሌሎችን ይለካልና።

ዳባዲ ይህን ጉዳይ አልተወውም። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1859 ቪርዢኒ ቬንሳን ደ ሴን ቦኔን አገባ። በዚያው ዓመት የሰበሰባቸውን 234 የብራና መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። ከ1860ዎቹ ጀምሮም በስፔን ድንበር አጠገብ፣ በሃንዳይ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ በአርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክና በረዳቱ ኤድሞን ዱቱዋ ንድፍ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ከነሥነ ፈለክ ምልከታ ክፍሉ አሠራ። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎችና በአማርኛ የተጻፉ ቃላት ይታያሉ። በዚያ ሥፍራ ያቆመው መሣሪያ ግን ከሥዕሎቹ ሁሉ የበለጠ የሚናገር ነው። ከላይ ባለ ነጥብ የሚነሣ ብርሃን ወደ ታች ወርዶ በሜርኩሪ ገንዳ ላይ ያርፋል፤ ነጸብራቁም ተመልሶ ከነጥቡ ጋር ይነጻጸራል። ሜርኩሪ ሁልጊዜ አግድም ስለሆነ በነጥቡና በነጸብራቁ መካከል የሚታይ ማናቸውም ፈቀቅታ የቁመቱ መስመር መዘንበሉን ይገልጣል።

ለዓመታት በተደረገው ምልከታ ቁመቱ ጸጥ ብሎ እንደማይቆም ታወቀ። በቀስታ ያዘነብል ነበር፤ አንዳንዴም የሜርኩሪው ገጽ ያለ ምንም የመሬት መናወጥ ይርገበገብ ነበር። ውቅያኖሱ በአጠገብ ስለነበረ ማዕበልን መጠርጠር ቀላል ነው፤ ዳባዲም የባሕሩን ሁኔታና የሜርኩሪውን እንቅስቃሴ ጎን ለጎን መዝግቧል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በአንድ ቦታ ምልክት መኖሩን ከመናገር አልፎ ምልክቱ ከየት እንደመጣ ሊናገር አይችልም። በኢትዮጵያ ብዙ ጣቢያ በመፍጠር የረታውን ችግር በሃንዳይ በአንድ ጣቢያ ሊፈታው አልቻለም። የእነዚህ ጥቃቅን ንዝረቶች ምንጭ ከባሕር ሞገድ ጋር በአጥጋቢ ሁኔታ የተያያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በርካታ የንዝረት ጣቢያዎች ከቆሙ በኋላ ነው።

በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1882 የቬኑስን በፀሐይ ፊት ማለፍ ለመመልከት ወደ ሄይቲ ተጓዘ። ከዚያም በሰባዎቹ ዕድሜው እንደገና ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ ሄዶ የማግኔት ልኬት አደረገ። በ1892 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ነበር። ልጅ ስላልነበረው ቤቱንና ርስቱን ለአካዳሚው ሰጠ፤ በምላሹ የጠየቀው የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ በ50 ዓመት ውስጥ እንዲዘጋጅ ነበር። ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ሞተ፤ የተቀበረውም በሃንዳይ ባለው ቤቱ የጸሎት ክፍል ውስጥ ነው። የብራና መጻሕፍቱ በፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።